ቶሮንቶ ውስጥ ጥሩ የካሪቢያን ሮቲ የት ይበላል?

አዲስ_ስካርቦሮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቶሮንቶ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። ስካርቦሮ ውስጥ መጋዘን እሠራለሁ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የትሪኒዳድ ሴት አለች፣ በዕድሜ እናቴን ታክላለች። ባለፈው ሳምንት ምሳዬን ቤት ረስቼ ስሄድ ከራሷ ምሳ ግማሹን ቆርጣ ሰጠችኝ። በወረቀት የተጠቀለለ ለስላሳ ቂጣ ነው፣ ውስጡ የፍየል ሥጋና ድንች በካሪ አለው። ስገምጠው ከቂጣው መሀል ቢጫ ነገር እንደ ዱቄት ብትን አለ። በጣቴ አንስቼ ቀመስኩት። የአተር ክክ ነው! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እናቴ አልጫ ስትሠራ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ያን ሰዓት አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ እዚያው ዕንባ ተናነቀኝ።

ምንድነው ስላት ሮቲ ነው አለችኝ። የት እንደሚሸጥ ስጠይቃት ግን “እኔ ራሴ ነው የምጋግረው፣ ገዝቼ አላውቅም” አለችኝ። ስለዚህ ከእሷ አድራሻ አላገኘሁም።

ከዚያ ቅዳሜ ለት ቤቴ አጠገብ ያገኘሁት አንድ ቤት ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ቂጣው ደርቆ ስይዘው ተሰነጠቀ፣ መረቁ ልብሴ ላይ ፈሰሰ፣ ክክ የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም። ባለቤቴ “ይሄ ነው ያስለቀሰሽ?” አለኝ።

እና እባካችሁ፣ ይህችን ከተማ የምታውቁ ሰዎች ንገሩኝ። የት ልሂድ? ሰሌዳው ላይ ዳልፑሪ፣ ፓራታ፣ ሳዳ የሚል ብዙ ስም አለ፤ ልዩነቱ ምንድነው? ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብ አጥብቆ ይጾማል፣ ለእሱ የሚሆን አለ ወይ? የአምስት ዓመት ልጃችን ደግሞ ሚጥሚጣ የነካው ነገር አይቀምስም። መኪና የለንም፣ በአውቶቡስና በባቡር የሚደረስበት ቢሆን ደስ ይለኛል።

የፓርክዴል_ታክሲ፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጥያቄሽን ሳነብ ምራቄን ዋጥኩ። እዚህ ከተማ 22 ዓመቴ ነው፣ አብዛኛውን ታክሲ ስነዳ ያሳለፍኩት። የሌሊት ሹፌር ደግሞ የት ምን እንደሚበላ ሳይወድ በግዱ ያውቃል።

መጀመሪያ ስሙን ላስተካክልልሽ። አንቺን ያስለቀሰሽ ዳልፑሪ ይባላል። የተቀቀለ የአተር ክክ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከከሙንና ከእርድ ጋር ይፈጭና ሊጡ ውስጥ ተሞልቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ይዳመጥና ታዋ በሚሉት የብረት ምጣድ ላይ ይጋገራል። ሲበስል እንደ ፊኛ ይነፋል። ጥሩ ዳልፑሪ ስትቆርሺው ያ ደረቅ ክክ እንደ ዱቄት ይበተናል። ክኩ ረጥቦ ከቂጣው ጋር ከተለጠፈ ወይም ጨርሶ ካልታየ ያ ቤት አልሠራውም ማለት ነው።

ፓራታ ሌላ ነው። ክክ የለውም። ሊጡ በቅባት ተደራርቦ ይጋገርና ታዋው ላይ እንዳለ በእንጨት መምቻ ይደበደባል፣ ብጭቅጭቅ ይላል። ትሪኒዳዶች የተቀዳደደ ሸሚዝ ስለሚመስል በስ አፕ ሸት ይሉታል። እሱን ሲያቀርቡልሽ አይጠቀለልም፣ ከጎን ተቆልሎ ይመጣልና በጣትሽ እየቆረስሽ ካሪውን ትጠቀልያለሽ። ለእኛ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፣ እጃችን ያውቀዋል። ሳዳ ደግሞ ተራው የቁርስ ቂጣ ነው። እሳት ላይ ተጠብሶ ከተላጠ ደበርጃን ወይም ከቲማቲም ጋር ጠዋት ይበላል።

አሁን የት ትሂጂ? እኔ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል አሊስ ነው የምለው፣ ፓርክዴል፣ ኩዊን ስትሪት ዌስት ላይ። ከመሀል ከተማ 501 ቁጥር ስትሪትካር ይዘሽ ወደ ምዕራብ ትሄጃለሽ። ቤቱ ትንሽ ነው፣ ለማማር የተሠራ አይደለም። የፍየል ሮቲ በዳልፑሪ ብለሽ እዘዢ። አጥንት ያለው ካለ አጥንት ያለውን ውሰጂ፣ የካሪው ነፍስ እዚያ ነው። አጥንት የሌለው ይዞ ለመብላት ይመቻል፤ ጣዕሙ ግን አንድ አይደለም። በእኛም ቤት ቅቅል ያለ አጥንት ምን ይሆናል?

በርበሬውን በተመለከተ፣ ስታዝዢ ፔፐር ትፈልጊያለሽ ወይ ብለው ይጠይቁሻል። ስላይት ካልሽ ጥቂት ነው። የእነሱ ቃሪያ ስኮች ቦኔት ይባላል፣ ትንሽ ዱባ መሳይ ቅርጽ ያለው ነው። እኛ በርበሬ እንችላለን ብለሽ አትዳፈሪ፤ ማቃጠሉ ሌላ ዓይነት ነው፣ ጉሮሮ ሳይሆን ጆሮ ድረስ ይሄዳል። ለልጅሽ ኖ ፔፐር በዪ። የሚጨመረው ሲጠቀለል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ካሪው ራሱ ግን ቤት ለቤት ይለያያል፣ አስቀድመሽ ቅመሺለት።

ኩቼላ ካላቸው ጠይቂ፣ በቅመም የታሸ ጥሬ ማንጎ ነው። የተማሪንድ ማባያም አለ፣ ከጎምዛዛ ፍሬ የሚሠራ፣ ለልጁ እሱ ይሆነዋል።

እንደወጣ ብዪው። ቤት ድረስ ሁለት አውቶቡስ ቀይረሽ ከወሰድሽው ቂጣው መረቁን ጠጥቶ ይበጠሳል። ፀሐይ ካለ ተሸክማችሁት ወደ ሐይቁ ውረዱ፣ ሰኒሳይድ ሩቅ አይደለም። ልጁም ይሯሯጣል።

ወደዚያ መሄድ ካልተመቸሽ ብሎር ዌስት ላይ ቪናስ አለ፣ በደፈሪንና በላንስዳውን ጣቢያዎች መሀል። የምድር ባቡሩ አጠገቡ ስለሆነ ለአንቺ ይቀላል። ሮቲው ትልቅ ነው፣ አንዱን ለሁለት ትካፈላላችሁ። ዋጋው እንደ ሥጋው ዓይነት ይለያያል።

የማርካም_ሮድ_እናት፦

ወንድሜ ከላይ የጻፈው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ይቺን ልጅ ከስካርቦሮ አውጥቶ ፓርክዴል ድረስ ምን አስኬዳት? ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ሊፈጅባት ነው፣ ያውም ልጅ ይዛ። የኔ እህት፣ ሮቲው ያለው ደጅሽ ላይ ነው።

ሞናስ ሂጂ። ሼፐርድ ኢስት ላይ ነው፣ ከማክካወን አለፍ ብሎ ወደ ማርካም ሮድ ስትሄጂ። የሼፐርድ አውቶቡስ ያደርስሻል። ከውጭ ሲያዩት ተራ ሱቅ ነው፣ በሰልፉ ታውቂዋለሽ። እኔ አረጋውያን እየዞርኩ ነው የምንከባከበው፣ ሥራዬ መንገድ ላይ ስለሆነ ምሳዬን ከዚያ መውሰድ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ዳብልሱ፣ ዳልፑሪው፣ ፓራታው፣ ሁሉም የእጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ቂጣውን ብቻውን መግዛት ይቻላል። ስኪን ነው የሚሉት። ዳልፑሪ ስኪን ግማሽ ደርዘን ብለሽ ትገዢና ቤትሽ ትወስጃለሽ። እኔ በየሁለት ሳምንቱ እገዛለሁ። በፕላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ስፈልግ አንዱን አውጥቼ ምጣድ ላይ በጨርቅ ሸፍኜ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አሞቀዋለሁ። ማይክሮዌቭ ውስጥ የምታስገቢው ከሆነ እርጥብ ወረቀት አልብሺው፣ አለዚያ ቆዳ ይሆናል። ካሪውን ራሴ አልሠራም፣ የራሴን የዱባ ወጥ ወይም ጎመን ነው የምበላበት። ልጆቼ በዶሮ አልጫ ይወዱታል። ያንን የክክ ጣዕም የወደድሽ ሰው ከሆንሽ ይህንን ሞክሪና ንገሪኝ።

የጾሙን ነገር በደንብ ስሚኝ፣ እኔም ጿሚ ነኝ። ለጿሚ ከሮቲ ቤት የተሻለ ምግብ ቤት እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ አላየሁም። ሽምብራና ድንች በካሪ አለ፣ ቻና አሉ ነው የሚሉት። ዱባ አለ፣ ስፒናች አለ፣ አንዳንድ ቤት ቦዲ የሚሉት ረጅም ፎሶሊያ አለ። ሁዳዴን በሙሉ በእነዚህ እየቀያየርኩ የከረምኩበት ዓመት አለ።

ነገር ግን ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ቂጣው ላይ የሚቀባው ዘይት ነው ወይስ ቅቤ? ዳልፑሪ አብዛኛውን ጊዜ በዘይት ነው፣ ፓራታ ግን ቅቤ ወይም ጊ የሚገባበት ቤት አለ። ጊ ማለት የእኛው የተነጠረ ቅቤ ነው፣ ቅመሙ ብቻ የለበትም። ስለዚህ በጾም ቀን ፓራታ ሳይጠይቅ እንዳይበላ ለባለቤትሽ ንገሪው። ሁለተኛ፣ ዱባው ወይም ጎመኑ ውስጥ ሥጋ ወይም ደረቅ ዓሣ የሚጨምሩ አሉ። “ሥጋም፣ ቅቤም፣ ዓሣም የለበትም?” ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። አይቆጡሽም። ከእነሱም ሂንዱ የሆኑት የየራሳቸው የጾም ቀን አላቸው፣ ስትጠይቂ ወዲያው ይገባቸዋል። አንዷ እንዲያውም ጓንቷን ቀይራ፣ ንጹሕ ጭልፋ አውጥታ ነው የጠቀለለችልኝ።

ሌላ፣ ከመሄድሽ በፊት ደውዪ። እሑድ ወይም ሰኞ የሚዘጉ ብዙ ናቸው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሮቲው ካለቀ አለቀ ነው።

የጉያና_ጎረቤት፦

የሁለታችሁም መልስ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ቅር አሰኘኝ። ሁላችሁም ትሪኒዳድ፣ ትሪኒዳድ አላችሁ። ጉያናስ? እኔ ከጉያናዎች ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ስኖር 11 ዓመት ሆነኝ፤ ሮቲን ያወቅሁት በእነሱ እጅ ነው።

የጉያና ሮቲ ይጨበጨባል። ቀልድ አይደለም። ቂጣው በዘይት ከተጋገረ በኋላ ትኩሱን ከምጣዱ አንስተው ወደ ላይ እየወረወሩ በሁለት እጃቸው መሀል ያጨበጭቡታል፣ ያኔ ድርብርቡ ይላቀቅና እንደ ሐር ይሆናል። ጎረቤቴ እሑድ ጠዋት ስታጨበጭብ ድምፁ በግድግዳ ይሰማኛል። ልጄ “እማማ ሮቲ እየሠሩ ነው” ብሎ በሩ ላይ ይቆማል፣ እሳቸውም አንድ ቀን ባዶ እጁን መልሰውት አያውቁም። ካሪያቸውም ይለያል፣ ጠቆር ያለና ማሳላው፣ ማለትም የቅመም ድብልቁ፣ ጠንከር ያለ ነው። ከትሪኒዳዱ ሻዶ ቤኒ የሚሉት ቅጠል ይሸትሻል፣ ከጉያናው ደግሞ የተቆላ ከሙን።

ክክ ለምን ቂጣ ውስጥ ገባ ብለሽ ከሆነ፣ ታሪኩ ረጅም ነው፤ ለእኔ ግን ከምግቡ አይለይም። እንግሊዞች በቅኝ ግዛታቸው ባርነትን ካስቀሩ በኋላ ለሸንኮራ እርሻው የሚሠራላቸው ሲያጡ ከሕንድ ሰው በውል አስፈርመው ማምጣት ጀመሩ። ጉያና የመጀመሪያዎቹ ሁለት መርከቦች የደረሱት በፈረንጆቹ 1838 ነው፣ ትሪኒዳድ ደግሞ በ1845። እስከ 1917 ድረስ ቀጠለ። ትሪኒዳድ ብቻ ወደ 140 ሺህ ሰው ገብቷል፣ ጉያና ከ230 ሺህ በላይ። አብዛኞቹ ዛሬ ቢሃርና ኡታር ፕራዴሽ ከሚባለው አገር የተነሡ ገበሬዎች ናቸው። ዳልፑሪ የእነሱ ምግብ ነው። አገራቸው ብዙ ጊዜ በሽምብራ ክክ ነበር የሚሠራው፣ ካሪቢያን ላይ የተገኘው የአተር ክክ ስለሆነ በእሱ ተተካ። ካሪውን ጠቅልሎ በእጅ ይዞ መሄድም እዚያው የተፈጠረ ነው፣ ሕንድ ውስጥ ሮቲውና ወጡ ለየብቻ ነው የሚቀርበው።

ይህን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? አንዳንድ የእኛ ሰዎች “ሮቲ የሕንድ ነው፣ ሕንድ ቤት ሂዱና ብሉ” ይላሉ። አይደለም። ሕንድ ቤት ሄደሽ ሮቲ ብትይ ሌላ ነገር ነው የሚመጣልሽ፣ ስስ የስንዴ ቂጣ ነው። እዚሁ ቶሮንቶ ደግሞ የሕንድ ካሪ በትልቅ ቂጣ ጠቅልለው የሚሸጡ አሉ፣ በተር ቺክን ሮቲ የሚባለው ነው፣ እሱም ይጣፍጣል። አንቺ የቀመስሽው ግን እነዚያ ሰዎች ሁለት ውቅያኖስ ተሻግረው፣ ሊጡን እዚያ ባገኙት ነገር እያስተካከሉ ያቆዩት ነው። አሠሪው እርሻ ላይ ስማቸውን እንኳ በትክክል አልጻፈም፤ እነሱ ግን የቂጣውን አሠራር አልረሱም።

አዲስ_ስካርቦሮ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። የማርካም ሮድ እናት፣ ሞናስ ለካ ለእኔ አንድ አውቶቡስ ነው! ጎረቤቱ ደግሞ የጻፍከውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዳብልስ ያላችሁት ምንድነው? ሐላል የምትበላ ጓደኛም አለችኝ፣ አብራኝ ልትመጣ ፈልጋለች።

የኢቶቢኮ_ልጅ፦

ለሐላሉ እኔ ልመልስ፣ ራሴ ሙስሊም ነኝ። ከሕንድ ወደ ካሪቢያን ከሄዱት ውስጥ ሙስሊሞችም ነበሩ፤ ስለዚህ የሮቲ ቤት ባለቤት ሙስሊም መሆኑ የተለመደ ነው። ሐላል የሚሸጥ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በሩ ወይም መስኮቱ ላይ ይለጥፋል። ካልለጠፈ ጓደኛሽ ትጠይቅ፣ ዶሮውንም ፍየሉንም ለየብቻ ትጠይቅ፣ ምክንያቱም አንዱ ሐላል ሆኖ ሌላው የማይሆንበት ቤት አጋጥሞኛል። ካልተመቻት የሽምብራውን ትብላ፣ ምንም አይጎድልባትም።

ዳብልስ ማለት ሁለት ትንንሽ ለስላሳ ቂጣ ነው፣ ባራ ይሉታል። እርድ የገባበት የቦካ ሊጥ በዘይት ይጠበሳል፣ ግን እንደ ቦምቦሊኖ አይወፍርም፣ ስስና እርጥብ ነው። በሁለቱ መሀል ሽምብራ በካሪ ይፈስበታል፣ ኩከምበር ይነሰነስበታል፣ የተማሪንድ ማባያ ይጨመርበታል። በዚያው ወረቀት ተጠቅልሎ በእጅሽ ይሰጥሻል። አፍሽ አካባቢ ሳይነካካ መብላት አይቻልም። በፈረንጆቹ 1936 ፕሪንስስ ታውን በምትባል የትሪኒዳድ ከተማ ዲን የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው የጀመሩት። መጀመሪያ በአንድ ባራ ነበር የሚሸጡት፣ ገበያተኛው ድርብ አድርጉልን፣ ደብል አድርጉልን ሲል ስሙ ዳብልስ ሆኖ ቀረ።

እኛ ጋ ኢቶቢኮ ድሩፓቲስ አለ፣ ለዳብልስ እዚያ ነው የምሄደው። ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቼ ጋር ሁለት ሁለት እንበላለን፣ አንዱ ጥቂት ዶላር ነው። ሚሲሳጋ የሚኖር ካለ ሊላስን ይሞክር። እዚያ ያለችው እኅቴ ከሊላስ ሌላ የትም አልሄድም ትላለች፤ በዚህ ሁልጊዜ እንጨቃጨቃለን።

ለልጅሽ ከሮቲው በፊት ዳብልስ ስጪው። ያለ ፔፐር። ይሄን አንድ ልጅ እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም።

ከ1980ዎቹ_ጀምሮ፦

ልጆቼ፣ ሳላስበው ሁሉንም አነበብኩት። እኔ በሱዳን አድርጌ ነው እዚህ የመጣሁት። ያኔ ዛሬ ዳንፎርዝ ላይ፣ ከግሪንውድ ጣቢያ ወጣ ስትሉ የምታዩት የእንጀራ ቤት ሁሉ አልነበረም። ጤፍ ብርቅ ነበር። ስድስት ወንዶች በአንድ ቤት እንኖር ነበር፣ ምግብ ማብሰል የሚችል ከመሀላችን አንድም የለም።

ባትረስት ስትሪት፣ ከብሎር ከፍ ብሎ፣ ያኔ የካሪቢያን ሰው ሰፈር ነበር። ፀጉር ቤቱም፣ የሙዚቃ ሱቁም፣ ምግቡም የእነሱ ነው። አንድ ምሽት በረዶ እየጣለ ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ጠባብ ሮቲ ቤት ገባን። ሰውየው ከወዴት ናችሁ አለን። ኢትዮጵያ ስንለው ጭልፋውን አስቀመጠ። “እኔ ንጉሣችሁን አይቻለሁ” አለን። በፈረንጆቹ 1966 ሚያዝያ ላይ ጃንሆይ ትሪኒዳድን ሲጎበኙ ልጅ ሆኖ፣ ከትምህርት ቤት ተሰልፈው ወጥተው፣ ባንዲራ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ጃማይካ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱ ነው ብዙ የሚወራለት፣ ትሪኒዳድን ግን ሰው ይረሳዋል። ሰውየው ያን ቀን ገንዘብ አልተቀበለንም። በነጋታውም ከፍለን ለመብላት ስንሄድ ትልቁን ቂጣ መርጦ ነው የጠቀለለልን። ያ ቤት ዛሬ የለም።

ኤግሊንተን ዌስት፣ ሊትል ጃማይካ የሚሉት ሰፈርም ብትሄጂ ጥሩ ነው። እዚያ ግን ሮቲ ዋናው አይደለም። ጀርክ የሚሉት በቅመም የተጠበሰ ዶሮ፣ ኦክስቴይል (የበሬ ጭራ) እና ፓቲ ነው። ፓቲ ከሳምቡሳ ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል፣ ሊጡ ግን ቢጫና ፍርፍር የሚል ነው። የባቡር መሥመሩ ግንባታ በፈረንጆቹ 2011 ተጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ መንገዱን ቆፍሮ ስላቆየው ብዙ ሱቅ ገበያ አጥቶ ተዘጋ። ያሉትን ሄዳችሁ ግዙላቸው። ኢትዮጵያዊ ነኝ ካልሽ ደግሞ አንዳንዱ ቤት ግድግዳ ላይ የጃንሆይን ሥዕል ታያለሽ፣ ወንበር ስበው ያስቀምጡሻል።

የፓርክዴል_ታክሲ፦

ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ ከእነሱ ጋር አውርቻለሁ፣ ስለ ትሪኒዳዱ ጉብኝት አንድም ቀን አልተነሣም። በሚቀጥለው ስሄድ ሽማግሌዎቹን እጠይቃለሁ።

የማርካም ሮድ እናት ደግሞ፣ ስለ ርቀቱ ልክ ነሽ፣ አላሰብኩትም። የአሊስን ፍየል ግን አንድ ቀን ሄደሽ ቅመሺ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

የማርካም_ሮድ_እናት፦

እሺ ወንድሜ፣ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ። አጥንት ያለውን ነው የማዝዘው።

አዲስ_ስካርቦሮ፦

ሄድን! ዓርብ ከሥራ መልስ ሞናስ ገባሁ። ሰልፉ በሩ ድረስ ነበር። ለባለቤቴ ሽምብራና ድንች በዳልፑሪ፣ ቅቤ እንደሌለው ጠይቄ፣ ለልጄ ዳብልስ ያለ ፔፐር፣ ለእኔም ያው የጾሙን። ስድስት ስኪንም ጨምሬ ገዛሁ። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ቆረስኩት። ክኩ ጫማዬ ላይ ተበተነ። ልጄ ዳብልሱን ጨርሶ ወረቀቱን ላሰ። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ሳህኑን ከጨረሰ በኋላ “ነገም ዓርብ ቢሆን” አለ።

ዋናውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሰኞ ዕለት፣ ከገዛሁት ስኪን አንዱን በዱባ ወጥ ጠቅልዬ ወደ ሥራ ወሰድኩና ለዚያች የትሪኒዳድ ሴት ግማሹን ቆርጬ ሰጠኋት። ቂጣውን ወደ መብራቱ አንሥታ አየችው፣ በጣቷ ቆነጠረችው፣ ከዚያ ጎረሰች። “ቂጣው ደህና ነው፤ ዱባውን ማን አስተማረሽ?” አለችኝ። እናቴ አልኳት። እሑድ ቤቷ እንድሄድ ጠራችኝ፣ ዳልፑሪ ልታሳየኝ ነው። ዱባውን አንቺ ትሠሪልኛለሽ አለችኝ። ታዋ አትግዢ፣ ምጣድ ካለሽ እሱን አምጪ ብላኛለች። ክኩን እኔ ቀቅዬ እንድሄድ ተስማምተናል። ለአልጫ ነው እንጂ ለዚህ ቀቅዬ ስለማላውቅ፣ ምን ያህል ይብሰል?

የጉያና_ጎረቤት፦

ጎረቤቴን አንኳኩቼ ጠየቅኳቸው። እንዲህ አሉኝ፤ በጣትሽ ስትጫኚው ለሁለት ይሰበር እንጂ አይላቁጥ፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ጠጠር ሲል አውጪው። ውኃውን በደንብ አጥልዪና ጨርቅ ላይ አስጥተሽ አድርቂው። እርጥብ ከሆነ ሊጡን ይቀደዋል። የቀቀልሽበትን ውኃ አትድፊው፣ ሊጡን በእሱ አቡኪው ብለዋል።